ወደ ምሥራቅ የዞረ መቃብር

ባኪዋ፣ ክፍቷ የጭነት መኪና፣ ከጀፕስታውን ስትወጣ አካፋውና ዶማው ከኋላ እየተጋጩ ይንቋቁ ነበር። በጭነቱ ላይ ሦስት ወንዶች በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። የሰኔ ማለዳ በጆሃንስበርግ እንግዳ አያከብርም፤ ያገኘውን ሁሉ ጆሮውን ይቆነጥጣል። ሱቆቹ ገና መከፈታቸው ነው። የብረት መዝጊያዎቹ እየተንኳኩ ወደ ላይ ይጠቀለላሉ፣ ተሸካሚዎች የአንሶላና የመጋረጃ እሽግ በራሳቸው ላይ ቆልለው መንገዱን ያቋርጣሉ፣ ከአይቮሪ ፓርክ ዕቃ ሊጭኑ የመጡ ባለስፓዛዎች፣ የሰፈር ትንንሽ ሱቅ ባለቤቶች፣ ከወዲሁ ዋጋ ይከራከራሉ። ከመንገዱ መጨረሻ አንድ ሱቅ ብቻ እንደተዘጋ ነው፤ የሟቹ የለገሠ ሱቅ ነበር።

ባኪዋን የሚነዱት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሠረቀብርሃን ናቸው። ዱባለ ከጎናቸው ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«የመቃብሩ ጸሐፊ ማሽን አለን ብሎኝ ነበር» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። «ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ይቆፍረዋል አለኝ። የወንድማችንን የመጨረሻ ቤት ማሽን አይሠራውም አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እናንተ ሰዎች ሥራ ትወዳላችሁ አለኝ።»

ዱባለ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ዱባለ የከምባታ ሰው ነው፤ በቶኮዛ ሎኬሽን፣ በጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ አለው፤ በእምነቱ ጴንጤ ነው። ለገሠ ደግሞ የደሴ ሰው፣ ጾም የማያፈርስ ኦርቶዶክስ ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው መንገድ ነው። በሞያሌ ወጥተው፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አልፈው ሞዛምቢክ ጫካ ሲደርሱ ለገሠን ወባ ጣለው። ደላሎቹ «ጥላችሁት ተነሡ» ሲሉ ዱባለ፣ ያኔ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ፣ አዝሎት ሄደ። ለገሠ የሚሞት መስሎት በጀርባው ላይ ሆኖ ሦስት አደራ በጆሮው ነገረው። በገዛ ስሜ ቅበረኝ አለው። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርገኝ አለው። ሦስተኛው አደራ አንድ ስም ነበር፤ ዱባለ ያን ስም ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። ለገሠ ግን የዚያን ጊዜ አልሞተም። ጆሃንስበርግ ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ዱባለንም ጭምር አቋቁሞ፣ ኩላሊቱ እምቢ እስካለበት እስከዚህ ሳምንት ድረስ ኖረ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ዱባለ ይህን ተረት ሲሰማ ኖሮ ክብደቱን ያወቀው ትናንት ነው።

ምክንያቱም የመጀመሪያው አደራ ከወዲሁ ተሰብሯል። ለገሠ እዚህ አገር ሲገባ በራሱ ስም ወረቀት ማውጣት አልቻለም፤ ስለዚህ ካገሩ ወጥቶ፣ ከዚህም አልፎ የሄደ የአንድ የኢትዮጵያ ጎረቤት አገር ሰው ፔፐር፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀት፣ ገዛ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ፊት ዮናስ ሀብቴ ነው። ሆስፒታል የተኛው ዮናስ ነው፣ የሞተውም ዮናስ ነው። አስከሬኑን ወደ ደሴ እንዳይልኩት በወረቀት ኢትዮጵያዊ አይደለም። ወደ ቆንስላችን ሄደን እውነቱን እንንገር ያለ ደግሞ አንድም ሰው አልነበረም። የእድሩ አባል አብዛኛው ጥገኝነት ጠያቂ ነው፤ «ከመንግሥቴ ሸሽቼ መጣሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የዚያኑ መንግሥት ደጅ ሲረግጥ ከተገኘ የዚህ አገር የስደተኞች ቢሮ፣ ሆም አፌርስ፣ ወረቀቱን ሊነጥቀው ይችላል። ዱባለም ከእነሱ አንዱ ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የተንጠለጠሉት በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

«ምሥራቁ ግን አይሰበርም» አለ በልቡ።

መቃብሩ ከቶኮዛ ብዙ አይርቅም። ድሮ ወርቅ ሲፈለግ ከመሬት ሆድ የተዛቀው ቢጫ አፈር ተራራ አክሎ ከተከመረበት ጀርባ ነው። ጸሐፊው የሰጣቸው ቦታ ከረድፉ መጨረሻ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። መቃብሮቹ ሁሉ ራሳቸውን ወደ ሰሜን፣ እግራቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ተሰልፈዋል። ዱባለ ስልኩን አውጥቶ አቅጣጫ አየና አካፋውን በረድፉ ላይ አግድም አስተኛው።

«በዚህ በኩል ነው የምንቆፍረው።»

የቶኮዛ ጎረቤቱ ሽጉጤ ዶማውን ተደግፎ ሣቀ። «አንተ ጴንጤ፣ ምሥራቅ ምን አገባህ? ደግሞስ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ረድፋቸውን ለምን ታበላሻለህ?»

«እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን። ሲነሣ ፊቱ ወደዚያ እንዲሆን ነው ያለኝ።»

«እንግዲህ የሟች ቃል ነው» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን፤ ክርክሩም በዚህ አለቀ። ማሽኑ ቢቆፍረው ኖሮ ረድፉን ጠብቆ ይቆፍረው ነበር፤ የመጣውም ነገር ሁሉ ባልመጣ። እነሱ ግን በእጃቸው ቆፈሩ፣ አዙረውም ቆፈሩ፤ የጉድጓዱ እግርጌ ከረድፉ አልፎ ማንም ምንም ወዳልጻፈበት የሣር መሬት ገባ።

ጉድጓዱ ወገብ ሲያክል ሽጉጤ በዶማው ያገኘው ነገር ድንጋይ አልነበረም። ተንበርክኮ በእጁ ጫረው። ሰማያዊ አበባ የተሳለበት ትንሽ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ወጣ፣ ከንፈሩ ብቻ ተሸርፏል። ከሱ ሥር የሰው የክንድ አጥንት ነበረ፣ ከአጥንቱም አጠገብ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ሳንቲም የምታክል ቁራጭ ነበረች። ዱባለ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገላት፤ ቁጥር ነው የተቀረጸባት፣ ስም የለባትም። አፈሩን ትንሽ ገለጥ ሲያደርጉ የራስ ቅሉ ታየ፤ ከሥሩም ተጎንጉኖ የተጠቀለለ ረጅም ጠጉር። ወንዶቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መልሱት» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን ቀስ ብለው። «አልብሱት አፈሩን፤ በወዲያ በኩል እንቆፍራለን። ፖሊስ ከመጣ ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ነው ወረቀቱ ጊዜው አልፎ ያልተቃጠለበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ምናልባት ይመልሱት ነበር። ነገር ግን ሻይ በፔርሙስ ይዘው ወደ ጉድጓዱ እየመጡ የነበሩት አንክል ቾንግ ከአፋፉ ላይ ቆመው ጠጉሩን አዩ። አንክል ቾንግ ለለገሠ ሱቁን የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቻይናዊ ይባሉ እንጂ አባታቸውም እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው የተወለዱት። ለገሠ በሕይወት ሳለ አብረውት ዳማ መጫወት ይወዱ ነበር። ፔርሙሱን አስቀምጠው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«ከማዕድኑ ሰዎች አንዱ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። «አያቴ ይነግረኝ ነበር። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።» ከዚያም ማንንም ሳያስፈቅዱ ስልካቸውን አወጡ።

ፖሊስ መጣ፣ ቢጫ ጥብጣብ ተዘረጋ፤ ወረቀታቸው የተቃጠለ ወንዶች ፖሊሱ እስኪሄድ ድረስ ለባሕር ዛፎቹ ትልቅ ፍቅር አደረባቸው። የቅርስ ጥበቃ ሰዎች መጥተው አጥንቱን በብሩሽ አወጡ፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው አሉ። የለገሠ ቀብር ተላለፈ። ሳጥኑ ወደ ማቀዝቀዣ ተመለሰ። ኀዘንተኛው ሁሉ ዱባለን እያየ «ያ ምሥራቅህ» ይል ጀመር።

በሳምንቱ ቅዳሜ የቻይና ቆንስል ራሳቸው ይመጣሉ ተባለ። የቅርስ ሰዎቹ ለለገሠ ከአጥንቱ ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ቦታ ሰጥተው ነበር፤ ወደ ምሥራቅ እንዲዞርም ፈቅደዋል፤ ቀብሩ የቻይናው ሥርዓት ካለቀ በኋላ ከሰዓት ነው። ዱባለና ሚስቱ ኤርጎጌ ቀደም ብለው መጥተው ከአንክል ቾንግ ጋር በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል።

«ቆንስል ለአንድ አጥንት ይመጣል?» አለ ዱባለ።

«ድሮም መጥቶ ያውቃል» አሉ አንክል ቾንግ። እንደዚህ ብለውም ነገሩት።

የእንግሊዝና ቦር የሚባሉት ነጮች ጦርነት ካበቃ በኋላ ጥቁሩ ሠራተኛ በወረደው ደመወዝ ወደ ማዕድን አልገባ አለ። እንግሊዞቹም ከሰሜን ቻይና በመርከብ ሰው አመጡ፤ አንድ ከተማ የሚሞላ ሰው። ውል አስፈረሟቸው፤ ሱቅ አትከፍትም፣ መሬት አትገዛም፣ ከድንጋይ ማውጣት በቀር ሌላ ሥራ አትሠራም፣ ጊዜህ ሲያልቅ ትመለሳለህ የሚል። ግቢያቸው በአጥር የታጠረ ነበር፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከወጡ ይታሰራሉ። ስማቸውን ለመጥራት የደከመ ስለሌለ በቁጥር ይጠሯቸው ነበር። ያጠፋ ሰው ደግሞ ግቢው መካከል በሆዱ አስተኝተው በቀርከሃ ይገርፉታል።

የአንክል ቾንግ አያት ከደቡብ የመጣ አትክልት ነጋዴ ነበር፤ ትንሽ እንግሊዝኛ ያውቃል። አንድ ቀን የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቆንስል ወደ አንድ ማዕድን ሲሄዱ ጃንጥላ እንዲይዝላቸው ቀጠሩት። ቆንስሉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሐር ቀሚስ ለብሰው፣ ሶላቸው የወፈረ ጥቁር ቡትስ አድርገው፣ የማዕረጋቸው ምልክት የሆነ ሰማያዊ ጉልላት ያለው ባርኔጣ ደፍተው በሁለት ፈረስ ጋሪ ሄዱ። የግቢው አለቃ በር ላይ አስቆማቸው። ኋላም አስገባቸውና ወንበር አልሰጣቸውም። ቆንስሉ ወንበር አልጠየቁም። ቆሙ። አለቃው ተቀምጦ ያያቸው ነበር፤ እየቆየ ግን መቀመጡ ራሱን አሳፈረውና ተነሣ።

«ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰቧቸው» አሉ አንክል ቾንግ። «ቆንስሉ ከመካከላችሁ የተገረፈ ማነው ብለው ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። ቆንስሉ ነገ ይሄዳሉ፣ አለቃው ግን አይሄድም። ያን ጊዜ ቆንስሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይገባሃል? ያን ባርኔጣ የሚያወልቅ ሹመቱን ተገፎ ወይም ሊቀጣ የቀረበ ሰው ነው። አውልቀው ለአያቴ ሰጡትና በባዶ ራሳቸው ከሠራተኞቹ ፊት ቆሙ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ወጣ። አንድ ቃል አልተናገረም። ጀርባውን አዞረና ሸሚዙን ወደ ላይ ገለበ።»

«ከዚያስ?» አለች ኤርጎጌ።

«ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ወጣ። አያቴ ከዚያ በኋላ መቁጠር አቃተኝ ይል ነበር።»

«ግርፋቱ ቆመ?»

ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «በአንድ ቀን የቆመ ነገር የለም። ሕጉም ቆይቶ ነው የመጣው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ አለቃው ሲያስገርፍ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር ይላል አያቴ። የሚመጣ ሰው እንዳለ አወቀ።»

ዱባለ የራሱን ሱቅ አሰበ። በሎኬሽኑ ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ አንድ ጊዜም የሱቁን በር ከውጭ ቆልፈው ሊያቃጥሉት ሲሉ ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት አሮጊት አስጥለውታል። በእነዚያ ጊዜያት ሁሉ መንገዱን አይቶ አያውቅም። የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ራሱ አልመጣለትም።

ሁለት ጥቁር መኪናዎች ገቡ። ከፊተኛው የወረዱት ቆንስል አጠር ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የሐር ቀሚስ የለም፣ የማዕረግ ባርኔጣ የለም፤ ጥቁር ሱፍ ብቻ ነው። ግን ሲራመዱ የተከተሏቸው ሰዎች እርምጃቸውን ከእርሳቸው እርምጃ ጋር ያስተካክሉ ነበር። አጥንቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጉንጉኑና የነሐስ ቁጥሩ ከላዩ ተደርገው፣ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። ያ የተሸረፈ ሳህን ታጥቦ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጧል። ቆንስሉ በሁለት እጃቸው ሻይ ቀዱበት። ከዚያም አገር የወከላቸው እኚያ ሰው፣ ለማን ብለው፣ ለአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ድረስ ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። የመኪናው ሾፌር እንኳ እጅ ነሣ።

ሣጥኑን የሚያነሣ ሰው ቀርቦ ነበር፤ ቆንስሉ በእጃቸው ከለከሉት። በቀይ አፈር ላይ ራሳቸው ተንበርክከው ሣጥኑን አቀፉት፣ ወደ ሣጥኑም ጎንበስ ብለው ጥቂት ቃል ተናገሩ።

አንክል ቾንግ ያለቅሱ ነበር። «የሰሜኑን ቋንቋ አልሰማም» አሉ። «ምን አሉት?»

ቆንስሉ ሰምተዋቸው ኖሮ በእንግሊዝኛ መለሱላቸው። «ዘግይተናል፤ ና አሁን እንሂድ አልኩት።»

ዱባለ ዓይኑን ከቆንስሉ ላይ አላነሣም። በሕይወቱ ብዙ ትልልቅ ነገር አይቷል፤ ባሕር አይቷል፣ ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን አይቷል፤ አንድ መንግሥት ለአንድ ድሀ አጥንት ሲንበረከክ ግን አላየም። እንዴት እንደደፈረ ሳያውቀው ወደ ፊት ራመድ አለ።

«ክቡር ቆንስል፣ ስሙ ታወቀ?»

«አልታወቀም። የመጣበትንም መንደር አናውቅም።»

«ታዲያ ስሙን ሳታውቁት ለምን መጣችሁ?»

ቆንስሉ ጥያቄው አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው እንዲህ የሚጠየቅ መሆኑ ገረማቸው። «የኛ ነዋ» አሉ።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላም ዱባለ ቆንስሉ የተንበረከኩበትን ቦታ ሲያይ ቆየ። እነዚህ ስሙን የማያውቁትን ሰው ሊወስዱ መጡ። እኛ ስሙን የምናውቀውን ሰው፣ እንጀራውን የበላነውን፣ በሌላ ሰው ስም ልንቀብር ነው። ማንም ከልክሎን አይደለም፤ ጠይቀን አናውቅም።

ስልኩን አወጣ።

«ለማን ነው?» አለች ኤርጎጌ። ነገሩ ገብቷታል።

«ለቆንስላችን። የተረኛው ቁጥር አለኝ።»

«ልጆቹስ ዱባለ? ወረቀቱን ቢነጥቁህ የት ልንገባ ነው?»

«አላውቅም።»

ኤርጎጌ ፊቷን አዞረች። ዱባለ ደወለ። የነገሩን ጫፍ ብቻ ሊነግራቸው አስቦ ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ ሲያገኝ ግን ከሞዛምቢክ ጫካ ጀምሮ ሁሉንም ነገራቸው። በወዲያኛው በኩል ያለችው ሴት «የት ናችሁ?» ብቻ አለች።

አስከሬኑ ደረሰ፣ ኀዘንተኛው ከጀፕስታውን በታክሲ ደረሰ፣ ቄሱም መጡ። ዱባለ ያደረገው ሲሰማ ሕዝቡ እንደተነካ ቀፎ ሆነ።

«ምን ነክቶህ ነው?» አሉት አቶ ሠረቀብርሃን። «እኔ ይህን እድር ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየሁት አንገቱን አስደፍቼ ነው። አንተ የመንግሥት ሰው ጠርተህ መካከላችን ልታቆም? ለሬሳ ብለህ ስንቱን የቆመ ሰው ልትጥል ነው?»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በላይ አላውቅም። የወረቀት ሥጋት ያለበት ሰው ባሕር ዛፉ ጋ ይሂድ። እኔ እዚህ እቆማለሁ።»

አንዳንዱ በእውነት ሄደ።

ጥቁር መኪና የሚጠብቁ ሰዎች የመጣችውን መኪና ሲያዩ ደነገጡ። አሮጌ ነጭ ቶዮታ ናት፤ ባንዲራ የላትም፣ ሾፌር የላትም። የወረደችው ሴት ጥበብ የለበሰች፣ ነጠላዋን ያጣፋች፣ ጫማዋ ከፍ ያለ፣ ከሠላሳ ብዙም ያላለፈች ናት።

«ፅናት እባላለሁ፤ የቆንስላ ጉዳዮች ሠራተኛ ነኝ። ልብሴን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከክርስትና ግብዣ ተነሥቼ ነው የመጣሁት» አለች። ወደ ሳጥኑ ሄዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ጥቂት ቆመች። እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ዞራ በሥራ ድምፅ ተናገረች።

«እንዲህ ነው። ይህን ሰው በአገሩ ስሙ አውቀዋለሁ የሚል ሦስት ሰው ያስፈልገኛል። እያንዳንዱ የራሱን ትክክለኛ ስም እስከ አያቱ ነግሮኝ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ ስሙን ለማስተካከል የምሮጠው እኔ ነኝ። ድንጋዩ ላይ በስሙ ይጻፍለታል። ዱባለ በስልክ የነገረኝ፣ አገር ቤት ያለችው የለገሠ ልጅ ፀገነትም አባቷን በስሙ ታገኘዋለች።»

«የኛ ወረቀትስ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ፅናት ወደ ድምፁ ዞረች። «ላባብላችሁ አልመጣሁም። የፈረማችሁት ሰነድ ይሆናል። በሕግ ብንጠየቅ አልፈረሙም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው እኔ መተማመኛ መስጠት አልችልም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ጫማውን ያያል። ሽጉጤ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። ነፋስ ከቢጫው ክምር አቧራ አንሥቶ በሳጥኑ ላይ ነሰነሰው። ዱባለ ልጆቹን አሰበ፤ ትንሹ ትምህርት ቤት የጀመረው በዚህ ዓመት ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ጀርባውን አዙሮ ሸሚዙን የገለበው ያ ሰው ግን ከዓይኑ አልጠፋ አለ። እሱም ይፈራ ነበር። ሳይፈራ አልነበረም የወጣው።

ወደ ፊት ሄደ።

«ዱባለ ኤርሲዶ ላምቦሬ» አለ። ድምፁ እንግዳ ሆነበት። በሎኬሽኑ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት፣ ባለስፓዛን ሁሉ እንደሚሉት። ስሙን እስከ አያቱ ሲጠራ ከሞያሌ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ለገሠን አውቀዋለሁ። በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ።»

ፅናት ጻፈች። ዱባለ ፈረመ። ቀና ሲል ከአጠገቡ አንድ ሰው ቆሟል። ኤርጎጌ ነበረች። አላየችውም፤ ፊቷን ወደ ፅናት እንዳደረገች ስሟንና የአባቷን፣ የአያቷንም ስም ጠራች።

ለጊዜው ሦስተኛ ሰው አልመጣም። ከዚያ አቶ ሠረቀብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ለፍርድ እንደሚቀርብ ሰው ቀስ ብለው መጡ። «ሊቀመንበር ተብዬ ሦስተኛ ልሁን እንግዲህ» አሉ። «የሚያሳፍረውስ ሦስተኛ መሆኔ ነው።»

«ሦስት ሞላ፤ ይበቃል» አለች ፅናት።

«እኔንም ጻፊኝ» አለ ሽጉጤ።

«ግዴታ የለም፣ በሦስት ሰው ያልቃል።»

«ግድ የለም፣ ጻፊኝ።» ከኋላውም ሌላ ቆሞ ነበር፣ ከሱም ኋላ ሌላ። ከባሕር ዛፉ ሥር የሄዱት ሰዎች ልብሳቸውን እያራገፉ ሲመጡ ታዩ። ፅናት የመኪናዋን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ቀዩ አፈር ላይ ቆማ ጻፈች። ሰዎቹ ስማቸውን በዝግታ ይጠሩ ነበር፤ አንዳንዱ የአያቱን ስም ለማስታወስ ዓይኑን ይጨፍናል። አንክል ቾንግ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ግን ሰልፉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባርኔጣቸውንም አውልቀው በደረታቸው ያዙት።

ሁሉም ሲያልቅ ቄሱ ወደ ሳጥኑ ቀረቡ። የፍትሐቱን መጽሐፍ ገለጡና ቀና አሉ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ያህል ዓመት አብረውት የበሉ፣ አብረውት ያስቀደሱ ሰዎች ናቸው፤ ለገሠ መሆኑን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ስትቀበለው የሰጠችውን ስም የጠየቀው አልነበረም። አቶ ሠረቀብርሃንም አንገታቸውን ደፉ። ቄሱ በአዘኔታ መጽሐፋቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወልደ ትንሣኤ» አለ ዱባለ።

ቄሱ ዞረው አዩት። ጴንጤ መሆኑን ያውቃሉ።

«አንተ ይህን እንዴት አወቅህ ልጄ?»

«እዚህ እንድነግርዎት አደራ ሰጥቶኝ ነው።»

ቄሱ ስሙን ለራሳቸው አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቢጫው ክምር እስኪመልሰው ድረስ፣ በስሙ ጠሩት፤ ለገሠም እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ወደ መሬት ወረደ።